«ልጄ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው ስዕል እውነት ነው?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። የምኖረው ቦስተን አካባቢ ነው፣ ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት የታሪክ ሆምወርክ ብሎ አንድ ስዕል ይዞ መጣ፣ ቀይ ኮት የለበሱ ወታደሮች ተሰልፈው ባዶ እጁን የቆመ ሕዝብ ላይ ሲተኩሱ ያሳያል። ከስሩ «ይህ ስዕል የሆነውን በትክክል ያሳያል ወይ?» የሚል ጥያቄ አለው። ልጄ ዞር ብሎ «ማሚ፣ ማነው የጀመረው?» አለኝ፣ እኔ ደግሞ መልስ አጣሁ። የማውቀው አሜሪካኖች በሻይ ቀረጥ ከእንግሊዝ ተጣልተው ነጻ ወጡ ሲባል ነው። እነዚህ ሰዎች ለምን ተገደሉ? አምስት ሰው ሞቶ እንዴት አብዮት ይነሳል? እስቲ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ እንዳነበው አድርጋችሁ ጻፉልኝ።
የ5ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ከማሳቹሴትስ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽ የጠየቀው ጠበቆቹንም ዳኞቹንም ወራት ሙሉ ያስጨነቀውን ጥያቄ ነው፣ መልስ ብታጪ አይገርምም። ስዕሉ ሰዎቹ መገደላቸውን ሲነግርሽ እውነቱን ነው፣ እንዴት እንደተገደሉ ሲነግርሽ ግን እውነቱን አይደለም። ለምን እንደሆነ ከስር ከመሰረቱ ላስረዳሽ።

ነገሩ «የቦስተን እልቂት» (Boston Massacre) ይባላል፣ የሆነውም እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1770፣ በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ቦስተን ኪንግ ስትሪት ላይ ጉምሩክ ቤቱ ደጃፍ ነው። መንገዱ ዛሬ ስቴት ስትሪት ነው የሚባለው። ዘመኑን ለማሰብ እንዲመችሽ፣ ያኔ እኛ ሀገር ጎንደር ላይ ራስ ሚካኤል ስሑል ንጉሥ የሚያነግሡና የሚያወርዱ ሰው ነበሩ፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር የገባውም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ነው።

ቀረጡን ቶሎ ልጨርሰው። እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ያደረገችው ረጅም ጦርነት በ1763 ሲያልቅ አሸናፊ ብትሆንም እዳ ውስጥ ተዘፍቃ ነበር፣ ስለዚህ የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶችም ይክፈሉ ተባለ። በ1765 የቴምብር ቀረጥ መጣ፣ ሕዝቡ አልከፍልም ብሎ ተነሳ፣ በዓመቱ ተሻረ። በ1767 ደግሞ በመስታወት፣ በእርሳስ ብረት፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ ሌላ ቀረጥ ተጣለ። ቦስተኖች ያሉት «ለንደን ፓርላማ ውስጥ የኛ ወኪል የለም፣ ወኪል በሌለን ቤት ማነው ገንዘባችንን የሚወስነው?» ነው፣ ከዛም የእንግሊዝ ዕቃ አንገዛም ብለው አደሙ።

የልጅሽ መልስ ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ነው። የጉምሩክ ሹሞቹ ፈርተው ጦር ይላክልን አሉ፣ በኦክቶበር 1768 ወታደር በመርከብ ገባ። ቦስተን ያኔ ወደ 16 ሺህ ሕዝብ ያላት በእግር ዞረሽ የምትጨርሻት ከተማ ናት፣ እዛች ላይ ወደ 2000 የሚጠጋ ወታደር ሲጨመርባት እስቲ አስቢው፣ ገበያ ስትወጪ ወታደር፣ ቤተክርስቲያን ስትሄጂ ወታደር፣ ማታ ወደ ቤትሽ ስትገቢ «ማነህ፣ ቁም» የሚልሽ ወታደር። በኔ እምነት ሰውን ያንገበገበው ከቀረጡ ይልቅ ይሄ ነው፣ ቀረጥ በወረቀት ነው የሚመጣው፣ ወታደር ግን ደጃፍሽ ላይ ነው የሚቆመው።

ወታደሮቹም ደልቷቸው አልነበረም። ደሞዛቸው ትንሽ ስለነበረች ከጥበቃ ሲወጡ የቀን ስራ ይፈልጉ ነበር፣ ባነሰ ዋጋ ስለሚሰሩ ደግሞ የከተማውን የቀን ሰራተኛ እንጀራ ነጠቁት። ማርች 2 ቀን አንድ ወታደር የጆን ግሬይ ገመድ መስሪያ ጋ ሄደ፣ አንዱ ሰራተኛ «ስራ ትፈልጋለህ?» አለው፣ «አዎ» አለ፣ «እንግዲያውስ ሂድና ሽንት ቤቴን ጥረግልኝ» ብሎ አዋረደው። ወታደሩ ሄዶ ጓደኞቹን ይዞ ተመለሰ፣ ገመድ ሰራተኞቹም ዱላቸውን ይዘው ወጡ፣ ክፉኛ ተደባደቡ። ቂሙ ሦስት ቀን አደረ፣ ከዛ ማርች 5 ደረሰ።

ከዛ በፊት ደግሞ የልጅሽ እኩያ የሆነ ልጅ ሞቷል፣ ይሄን ሳትነግሪው እንዳታልፊ። ክሪስቶፈር ሳይደር ይባላል፣ የ11 ዓመት ልጅ ገደማ ነው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን ልጆችና ወጣቶች አድማውን ጥሶ የእንግሊዝ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ተሰብስበው ይጮሁ ነበር፣ ኤቤኔዘር ሪቻርድሰን የሚባል የጉምሩክ ሰራተኛ ሊበትናቸው ሞከረ፣ ቤቱ ድረስ ተከትለው በድንጋይ መስኮቱን ሲሰባብሩበት ጠመንጃ አውጥቶ በመስኮት ተኮሰ፣ ሳይደር ተመታና ማታውን ሞተ። ቀብሩ ላይ የወጣው ሕዝብ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። እንግዲህ ከተማዋ የልጅ ሬሳ ከሸኘች ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ነው የኪንግ ስትሪቱ የመጣው።

አሁን ወደ ምሽቱ። በረዶ ነው፣ መሬቱ ነጭ ነው። ሂው ዋይት የሚባል ወታደር ጉምሩክ ቤቱ በር ላይ ብቻውን ዘብ ቆሟል። አንድ የዊግ ሰሪ ተለማማጅ ልጅ በዛ የሚያልፍ መኮንን ላይ «የጌታዬን ሂሳብ አልከፈልክም» ብሎ ይጮሃል (መኮንኑ ግን ከፍሎ ነበር)። ዋይት ልጁን በጠመንጃው ሰደፍ ጭንቅላቱን መታው። ልጁ ሲያለቅስ ሌሎች መጡ፣ ከዛ ሌሎች፣ ከዛ የቤተክርስቲያን ደወል ተደወለ። በዛ ዘመን ማታ ደወል ሲደወል እሳት ተነሳ ማለት ነው፣ ስለዚህ ብዙው ሰው ባልዲ ይዞ ነው ከቤቱ የወጣው። በኛ ቋንቋ «እሳት» እና «ተኩስ» የተለያዩ ናቸው፣ በእንግሊዝኛ ግን ሁለቱም አንድ ቃል ነው፣ «ፋየር»። መንገዱ ላይ ያ ቃል ከየአቅጣጫው ይሰማ ነበር፣ አንዱ እሳቱ የታለ ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ወታደሮቹን «ወንድ ከሆናችሁ ተኩሱ» እያለ ይደነፋል።

ካፒቴን ቶማስ ፕሬስተን ዘቡን ለማዳን አንድ አስር አለቃና ስድስት ወታደር ይዞ መጣ፣ ጠመንጃቸውን አጉርሰው ግማሽ ክብ ሰርተው ቆሙ። ሕዝቡ ሦስት አራት መቶ ይሆናል፣ የበረዶ ድቡልቡል፣ ስብርባሪ በረዶና ዱላ ይወረውራል። ሄንሪ ኖክስ የሚባል ወጣት መጽሐፍ ሻጭ ፕሬስተንን ለምኖታል፣ ከተኮሱ አንተ በሕይወትህ ትጠየቃለህ ብሎ። ከዛ ሞንትጎመሪ የተባለው ወታደር በዱላ ተመታ፣ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ሲነሳ ተኮሰ። ለጥቂት ሰኮንዶች ጸጥ አለ፣ ከዛ ሌሎቹም ተኮሱ። ክሪስፐስ አታክስ፣ ሳሙኤል ግሬይና ጀምስ ካልድዌል እዛው ወደቁ። ሳሙኤል ማቨሪክ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፣ ሲነጋ ሞተ። ፓትሪክ ካር ደግሞ ከአየርላንድ የመጣ ስደተኛ ነው፣ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሞተ።

እንግዲህ ለልጅሽ፦ ያን ምሽት ብቻ ካየን መጀመሪያ የመታው ዘቡ ነው፣ የተመታው ልጅ ቀድሞ መኮንኑን ሰድቧል፣ ከዛ ሕዝቡ ወረወረ፣ ከዛ ወታደሮቹ ተኮሱ። ግን በሰላም ጊዜ ከተማ መሀል ወታደር ማስፈር ካልጀመረው ሌላ ምን እንደጀመረው እኔ አላውቅም።

ስዕሉን ፊታችሁ አድርጉና አብራችሁ እዩት። የሰራው ፖል ሪቪር የሚባል ብር አንጣሪ ነው፣ ከሄንሪ ፔልሃም ስዕል ገልብጦ ቀድሞት ለገበያ አወጣው፣ ፔልሃም በጣም ተናዶ ጽፎለታል። ስዕሉ ላይ ወታደሮቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈዋል፣ ካፒቴኑ ከኋላ ሆኖ ሰይፉን አንስቶ ትእዛዝ ይሰጣል። ፕሬስተን ግን ከወታደሮቹ ፊት ነበርኩ፣ ተኩሱ ብል መጀመሪያ የምሞተው እኔ ነኝ ብሏል። ሰማዩ ሰማያዊ ነው፣ የሆነው ግን ማታ ነው። በረዶ የለም፣ ዱላ የያዘ ሰው የለም። ጉምሩክ ቤቱ ላይ ደግሞ «የአራጆች አዳራሽ» የሚል ጽሁፍ ተለጥፏል፣ እንደዛ የሚል ጽሁፍ ግን ጭራሽ አልነበረም። ልጅሽ እነዚህን በጣቱ እያሳየ ቢጽፍ ሆምወርኩን ጨረሰ።

«አምስት ሰው ሞቶ እንዴት አብዮት ይነሳል» ላልሽው፣ ወዲያው አልተነሳም። በነጋታው የተቃዋሚዎቹ መሪ ሳሙኤል አዳምስና ሌሎቹ ተጠባባቂ ገዥው ሃቺንሰን ጋ ገብተው ወታደር ይውጣ አሉ፣ እሱ አንዱን ክፍለ ጦር ላስወጣ ሲል «ወይ ሁለቱም ወይ ምንም» አሉት፣ ሁለቱም ወደቡ ላይ ባለች ደሴት ወዳለው ምሽግ ወጡ። የሚያሳዝነው ደግሞ ሰዎቹ በተገደሉበት በዛው ቀን፣ ማርች 5፣ ለንደን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ኖርዝ ከሻይ በስተቀር ቀረጡ ሁሉ ይነሳ ብሎ ለፓርላማው እያቀረበ ነበር። መርከብ ውቅያኖሱን ለማቋረጥ ሳምንታት ይፈጅበታል፣ ቦስተን ላይ ማን ያውቃል። ከዛ በኋላ አድማው ላላ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ነገሩ በረድ አለ።

እንዳይረሳ ያደረጉት የነጻነት ወገን የነበሩት ሰዎች ናቸው። የ96 ምስክር ቃል ሰብስበው አሳትመው ለንደን ላኩ፣ ስዕሉን በየቤቱ አደረሱ፣ በየዓመቱ ደግሞ ማርች 5 ሲመጣ ከተማው ተሰብስቦ ንግግር ይሰማ ነበር፣ ልክ እኛ ሙት ዓመት እንደምናወጣው። የ1775ቱን ንግግር ያደረገው ሐኪሙ ጆሴፍ ዋረን ነው፣ የእንግሊዝ መኮንኖች እዛው ቁጭ ብለው እየሰሙት፣ በሦስት ወሩ ራሱ ቦስተን አጠገብ ባንከር ሂል ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተዋግቶ ሞተ። በ1773 ቀረጥ ያለበትን ሻይ ተቃዋሚዎቹ ቦስተን ወደብ ላይ ባሕር ሲጥሉት፣ በ1774 እንግሊዝ ወደቡን ዘግታ ወታደሩን እንደገና ስታስገባ፣ ሕዝቡ ወታደር በከተማ መሀል ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ አዲስ ትምህርት አላስፈለገውም። ኤፕሪል 1775 ቦስተን አቅራቢያ ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ የነጻነቱ ጦርነት ተጀመረ። የ1776ቱን የነጻነት አዋጅ ስታነቢ ንጉሡ ላይ ከተደረደሩት ክሶች መሀል በሰላም ጊዜ ያለኛ ፈቃድ ጦር አስቀመጠብን፣ ሰው የገደሉትንም በይስሙላ ፍርድ ከቅጣት አዳነ የሚል አለ፣ አንዱ ሥሩ እዛ ኪንግ ስትሪት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ የሕግ ተማሪ ነኝ። ወታደሮቹን ፍርድ ቤት የተከራከረላቸው ጆን አዳምስ ነው፣ በኋላም የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆነ ሲባል ሰማሁ። ለነጻነት የሚታገል ሰው እንዴት ለገዳይ ጥብቅና ይቆማል? ደግሞስ ሕዝቡ እንዴት ተወው?
ከባህር ዳር

መልስ፦ ታናሽ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። አዎ እሱ ነው፣ ያኔ 34 ዓመቱ ነበር፣ የነጻነት ወገን ነው፣ የሳሙኤል አዳምስ ዘመድ ነው። ጠበቃ ጠፍቶ ሲመጡበት እሺ አለ፣ ማንም ሰው ያለ ጠበቃ ሊዳኝ አይገባም ብሎ ስለሚያምን። አብሮት የቆመው ጆሳያ ኩዊንሲ ነው፣ የሚገርመው የጆሳያ ወንድም ሳሙኤል ኩዊንሲ ደግሞ ከሳሽ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ቆመ፣ ሁለት ወንድማማች በአንድ ችሎት።

ፕሬስተን በኦክቶበር 1770 ብቻውን ተዳኘ፣ ተኩሱ ብሎ ማዘዙ ስላልተረጋገጠ ነጻ ወጣ። ስምንቱ ወታደሮች ቀጥለው ቀረቡ፣ ስድስቱ ነጻ ሲወጡ ሞንትጎመሪና ኪልሮይ ሳያስቡበት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተባሉ፣ አውራ ጣታቸው ላይ በጋለ ብረት ምልክት ተደርጎባቸው ተለቀቁ። ኪልሮይ ገመድ መስሪያው ጠብ ላይም ነበር ተብሎ ተመስክሮበታል፣ ገደለው የተባለው ሳሙኤል ግሬይ ደግሞ ገመድ ሰራተኛ ነው፣ የማርች 2ቱ ቂም ምን ያህል እንደሰራ እዚህ ላይ ታየዋለህ።

እኔን ሁሌ የሚነካኝ ግን የፓትሪክ ካር ቃል ነው። ቆስሎ አልጋ ላይ እያለ ሐኪሙ ጠየቀው። አየርላንድ እያለ ወታደር ሕዝብ ላይ ሲተኩስ አይቶ ያውቃል፣ እነዚህ ግን ብዙ ታግሰው ነው የተኮሱት፣ ራሳቸውን ለማዳን ነው፣ የመታኝንም ይቅር ብየዋለሁ አለና ሞተ። ሐኪሙ ይሄን ችሎት ላይ ተናገረ። በሕግ ትምህርትህ ከሰው የተሰማ ወሬ ማስረጃ አይሆንም ተብለህ ይሆናል፣ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ቃል ግን ተለይቶ ሲታይ የኖረ ነው፣ እዚህም ተቀባይነት አግኝቷል።

አዳምስ ያልወደድኩለት ነገርም አለ። ሕዝቡን ለፍርድ ሰጪዎቹ (ለጁሪው) ሲገልጽ ጋጠወጥ ልጆች፣ ጥቁሮች፣ ክልሶች፣ አየርላንዳውያንና መጤ መርከበኞች የተሰባሰቡበት ውርጋጥ አድርጎ ነው ያቀረበው፣ አታክስን ደግሞ ነገሩን ሁሉ የቆሰቆሰ አስፈሪ ሰው አደረገው። ደንበኞቹን ለማዳን ብሎ፣ የሞተውን ሰው በዘሩ አሳነሰው፣ ይሄ ትክክል ነው ብዬ ልነግርህ አልችልም። ጥብቅናው ራሱ ግን ትክክል ነው። ሕዝቡም ቢናደድበትም ጨርሶ አልጣለውም፣ እሱ ራሱ በኋላ ለሀገሬ ከሰጠኋቸው ምርጥ አገልግሎቶች አንዱ ይሄ ነው ብሎ ጽፏል። ወታደሮቹን ያስፈታው ሰው ነው እንግዲህ ቆየት ብሎ የአሜሪካ ነጻነት መሰረት የተጣለው በዛ ምሽት ነው ብሎ የጻፈው፣ ሁለቱን አብሮ ማሰብ የሚያስቸግረው ካለ ችሎቱ የተጠየቀው ማን ተኮሰ እንጂ ማን ወታደሩን አሰፈረው የሚል እንዳልነበር ያስብ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ለእረፍት ልጆቼ ጋ ቦስተን ልሄድ ነው። ከሞቱት አንዱ ጥቁር ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ቦታውንስ ማየት ይቻላል?
ጡረተኛ መምህር፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ አባቴ፣ አዎ፣ ክሪስፐስ አታክስ ከአፍሪካውያንና ከሀገሬው ሕንዶች የተወለደ መርከበኛ ነበር። በ1750 ፍራሚንግሃም የሚኖር ባለቤቱ «ክሪስፐስ የሚባል የ27 ዓመት ባሪያ ጠፍቶብኛል፣ ቁመቱ ስድስት ጫማ ከሁለት ኢንች ነው፣ ያመጣልኝ አስር ፓውንድ ይከፈለዋል» ብሎ ጋዜጣ ላይ አሳውጆ ነበር፣ ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ያ ሰው አታክስ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እሱ ከሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም አላገኘውም ማለት ነው። ሲሞት ቦስተን ውስጥ ቤት አልነበረውም፣ ካልድዌልም እንደዛው እንግዳ ነበር፣ ስለዚህ የሌሎቹ አስከሬን ከየቤታቸው ሲወጣ የነሱ ከፋኒዩል አዳራሽ ነው የወጣው፣ ከዛ መንገድ ላይ ተገናኝተው አራቱ በአንድ መቃብር ተቀበሩ። ሀገሩ ባልሆነ ቦታ የሞተን ሰው ከተማው ሁሉ ወጥቶ ሲቀብረው ማሰብ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ባርነትን የሚቃወሙ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ በ1858 ማርች 5ን በሱ ስም ማክበር ጀመሩ፣ ቦስተን ኮመን መናፈሻ ውስጥ ያለው ሐውልትም በ1888 ነው የቆመው።

ቦታውን ለማየት በባቡር ስቴት የሚባለው ጣቢያ ይውረዱ። ጣቢያው አሮጌው የመንግሥት ሕንጻ ስር ነው ያለው፣ ሲወጡ ሕንጻው ፊት ለፊት መሬቱ ላይ በድንጋይ ንጣፍ የተሰራ ክብ ያያሉ፣ መታሰቢያው እሱ ነው፣ መኪናና ሰው ስለሚበዛበት ሳያስተውሉት እንዳያልፉ። ቀና ሲሉ በረንዳው ይታይዎታል፣ ያን ሌሊት ሃቺንሰን ወጥቶ ሕጉ ይፈርዳል፣ ወደየቤታችሁ ግቡ ብሎ ሕዝቡን የለመነበት። ከዛ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄደው ግራናሪ መቃብር ይግቡ፣ ከመንገዱ ብዙ ሳይርቁ የአምስቱን ስም የያዘ ድንጋይ ያገኛሉ። ከነሱ ስም ዝቅ ብሎ ደግሞ የትንሹ ልጅ የክሪስቶፈር ስም አለ፣ ድንጋዩ ላይ ዕድሜው 12 ተብሎ ነው የተጻፈው።